ቀዝቃዛውን ወሽመጥ አብሮ መሻገር

(ኦክላንድ ውስጥ በነበረ የወገኖች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። የቅዳሜ ማታችሁን ስለ ዋና ለመስማት ስለሰጣችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ይበልጥ ደስ አሰኝታችሁኛል።

እኔና ጓደኞቼ በዓመት አንድ ቀን፣ ከአልካትራዝ ደሴት አጠገብ ከጀልባ ላይ ዘለን ውሃ ውስጥ እንገባለን። ከዚያ ወሽመጡን በዋና አቋርጠን ሳን ፍራንሲስኮ እንወጣለን። ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ስንናገር ሰው የሚጠይቀን ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው። «ሻርኩስ?» ይሉናል። ቀጥለው ደግሞ «ምን አጣችሁ?» ይሉናል። ሁለቱንም እመልሳለሁ። ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ ቅዝቃዜው ልነግራችሁ ነው። ቅዝቃዜው ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ ካወቃችሁ፣ ይህን ዋና ለምን ተያይዘን እንደምንዋኘው ራሳችሁ ትረዱታላችሁ።

ሻርኩን ቶሎ ልጨርሰው። ትልቁ ነጭ ሻርክ የሚታወቀው በፋራሎን ደሴቶች አካባቢ ነው። እነሱ ደግሞ ከወሽመጡ በር፣ ከጎልደን ጌት፣ ወደ ውቅያኖሱ 40 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው ያሉት። ወሽመጡ ውስጥ የሚኖሩት ሌሎች ዓይነቶች ናቸው፤ ዋናተኛን እምብዛም አይተናኮሉም። እኛን የሚያሳስቡን የባሕር አንበሶቹ ናቸው። ፒየር 39 በሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ የመርከብ ማቆሚያ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ የምታሳዩአቸው ማለቴ ነው። ዋናተኛ ነክሰው ስለሚያውቁ አንጠጋቸውም። ብቅ ብለው ሲያዩን ራቅ ብለን እናልፋለን።

አሁን ስለ ቦታው። አልካትራዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1934 እስከ 1963 የፌዴራል እስር ቤት ነበር። በነዚያ ዓመታት 36 እስረኞች በ14 ሙከራ ለማምለጥ ጥረዋል። ከደሴቲቱ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከተማው እዚያው ነው፤ መንገዱና ሕንፃው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እስረኛውን ያገደው ግን ከግንቡ ይልቅ ውሃው ነበር።

1962 ላይ ፍራንክ ሞሪስ የሚባል እስረኛና ሁለቱ የአንግሊን ወንድማማቾች ከዝናብ ልብስ በሠሩት ጀልባ ወጡ። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ጆን ፖል ስኮት የሚባል ሌላ እስረኛ እየዋኘ አመለጠ። እሱ የብስ ደርሷል። የተገኘው ግን ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ባለው የከተማ ዳርቻ አይደለም። ውሃው ወደ ምዕራብ ገፍቶ ገፍቶ ወስዶት፣ ጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ፎርት ፖይንት ድንጋይ ላይ ነው የተገኘው። ብርዱ ጨርሶት ነበር። ሐኪም አይቶት ነፍሱ ተረፈች፤ ወዲያው ወደ እስር ቤቱ መለሱት።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ልጨምርላችሁ። 1933 ላይ፣ እስር ቤቱ ሊከፈት ሲል፣ አናስታዥያ ስኮት የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ከአልካትራዝ ተነስታ በ43 ደቂቃ ዋኝታ ከተማው ገብታለች። አባቷ ደሴቲቱ ላይ የሚያገለግል የጦር ሠራዊት ሳጅን ነበር።

ያው ውሃ ነው። ያው ደሴት ነው። እስረኛው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የሚለማመድበት ዕድል አልነበረውም። ውሃው ወደየት እንደሚሄድ የሚነግረው ሰው አልነበረም። አጠገቡም የሚከተለው ጀልባ አልነበረም። እኛ ሦስቱም አሉን። የምነግራችሁ ሁሉ በነዚህ ሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው።

ከውሃው አካሄድ ልነሳ። ወሽመጡ ሰፊ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ድልድዩ የተሠራበት መተላለፊያ ስፋቱ 1 ማይል ገደማ ብቻ ነው። ውቅያኖሱ በዚያ በር በቀን ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ይወጣል። የሳክራሜንቶና የሳን ዋኪን ወንዞችም የሚወጡት በዚያው ነው። ያ ሁሉ ውሃ በአንድ በር ሲጋፋ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። የኦሎምፒክ የ1500 ሜትር ዋናተኛ በሰዓት የሚዋኘው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚህ ውሃ ጋር ግብግብ የሚገጥም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይሸነፋል።

ታዲያ መፍትሔው ሰዓት መጠበቅ ነው። በመግባቱና በመውጣቱ መካከል ውሃው ረገብ የሚልበት አጭር ጊዜ አለ። የባሕሩን ውሃ የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያንን ሰዓት አስቀድሞ በሰንጠረዥ ያወጣዋል። እኛም የዓመቱን ቀን የምንቆርጠው በዚያ ሰንጠረዥ ነው። የማን ሥራ ይመቻል፣ የማን ልጅ ልደት ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ውሃው ረገብ ቢልም ጭራሽ አይቆምም። ስለዚህ ዋናተኛ ወደሚፈልገው ቦታ ቀጥ ብሎ አይዋኝም። ውሃው ወደ ውቅያኖስ መውጣት ከጀመረ ወደ ምሥራቅ አነጣጥሮ ይዋኛል። እየገባ ከሆነ ወደ ምዕራብ ያነጣጥራል። ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ደግሞ ዓይናችሁ ያለው ከውሃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ሞገዱ ሲነሳ ምንም አይታያችሁም። ስለዚህ ትልልቅ ምልክት ያስፈልጋል። አብዛኛው ዋናተኛ የሚጠቀመው፣ ከውሃው ከምንወጣበት የከተማው ዳርቻ፣ ከአኳቲክ ፓርክ በላይ ያሉትን ፎንታና ታወርስ የሚባሉ መንትያ ሕንፃዎች ነው። በየጥቂት ቀዘፋው ቀና ትላላችሁ፤ ሕንፃዎቹ ወደየት እንደሸሹ ታያላችሁ፤ አቅጣጫችሁን ታስተካክላላችሁ። የአኳቲክ ፓርክን መግቢያ ያለፈ ሰው ወደ ፎርት ሜሰን፣ ከዚያም ወደ ክሪሲ ፊልድ ይወሰዳል። ያን የመሰለ ጊዜ ጀልባው ያነሳዋል እንጂ ታግሎ አይመለስም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩን የአኳቲክ ፓርክ ነባር ዋናተኞች ናቸው። እዚያ ጎን ለጎን ሁለት ክለቦች አሉ። ሳውዝ ኤንድ በ1873 የተመሠረተ ነው፤ ዶልፊን ክለብ ደግሞ በ1877። አባሎቻቸው ክረምት ከበጋ ይዋኛሉ። ዶልፊን ክለብ ከዲሴምበር 21 እስከ ማርች 21 ድረስ 40 ማይል የመዋኘት ባህል አለው። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የማያውቁንን ሰዎች ቁጭ አድርገው፣ ታግሠው አስረድተውናል። ውለታቸው አለብን።

እንግዲህ ቅዝቃዜው።

የምትዋኙበት የከተማ ገንዳ ውሃ 27 ወይም 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ወሽመጡ በክረምት 11 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። በሴፕቴምበር፣ በጣም በሚሞቅበት ጊዜ እንኳ፣ 15 ወይም 16 ነው። «16 ምን አላት?» የሚል አለ። 16 ዲግሪ አየር ሹራብ ለብሰን የምንንሸራሸርበት ነው። ውሃ ግን ከሰውነት ሙቀት የሚነጥቀው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ነው።

ጎንደር ጥምቀትን ያከበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ፋሲል መዋኛው እንደተባረከ ወጣቶቹ ከዳር እየዘለሉ ይገባሉ። ብቅ ሲሉ ፊታቸውን አይታችሁ ከሆነ አፋቸው ተከፍቶ፣ ትንፋሻቸው ተቆርጦ ነው። ሳይንሱ የሚለውም ይህንኑ ነው። ቆዳ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሳይፈልግ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ያለከልካል። ልቡ ይደልቃል፤ የደም ግፊቱ ይጨምራል። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ የመጣው ፊቱ ውሃ ውስጥ እያለ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞተ ሲባል ብርዱ ቀስ በቀስ የገደለው ይመስለናል። ብዙዎች ግን የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛ ሆነውም።

ካናዳዊው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው 1፣ 10፣ 1 የሚል ነገር ያስተምራል። ትንፋሽህን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አለህ። እጅና እግርህ የሚታዘዙህ 10 ደቂቃ ነው። ራስህን ለመሳት ደግሞ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ልጆች፣ ይህቺን ያዙልኝ። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትወድቁ ወዲያው ለመዋኘት አትሞክሩ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ። አፍና አፍንጫችሁን ከውሃ በላይ አድርጉ። ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ጠብቁ። ይመለሳል።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይህ ድንጋጤ በልምምድ መቀነሱ ነው። የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይክ ቲፕተን ይህን ለዓመታት አጥንቶታል። አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት ድንጋጤውን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ልምዱም ለወራት ይቆያል። የኛም ልምምድ የጀመረው እንዲሁ ነው። አኳቲክ ፓርክ ዳርቻ እስከ ወገባችን ገብተን መቆም፣ ፊታችንን ውሃ ማስነካት፣ ትንፋሻችንን በአፋችን ቀስ እያልን ማስወጣት፣ ከዚያ መውጣት። ዋና የሚባል ነገር አልነበረውም። አንዷ ጓደኛችን ውሃው ደረቷ ጋ ሲደርስ ጮክ ብላ አቡነ ዘበሰማያትን ትደግም ነበር። ነርሷ ጓደኛችን ይህን በጣም ወደደችው። ለምን ብትሉ፣ ሰው እየደገመ ትንፋሹን መያዝ አይችልም። አሁን ሁላችንም እናደርገዋለን። ሙስሊሙ ጓደኛችን ፋቲሓ ይቀራል።

ይሄ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ካለፈ በኋላ የሚመጣው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ደስ ይላል። ትንፋሽ ይረጋጋል። ቆዳ ይደነዝዝና ብርዱ የሄደ ይመስላል። ሰውነት ቀለል ይላል። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት በከንቱ አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ቃል በቃል እንደዚያ ነው። የበረደው ሰው እንደበረደው የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። ቀድሞ የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ነው።

አንድ ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። ከመካከላችን ታላቃችንን ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከሁላችንም ቀጠን ያሉ ናቸው። ከመንገዱ ግማሽ አልፈናል። ከእርሳቸው ጎን የምትዋኘው ነርሷ ነበረች። ቀና ስትል እጃቸውን አየች። ሲቀዝፉ ጣቶቻቸው ተበታትነዋል። ትንሿ ጣት ለብቻዋ ወጥታለች። ጣትን ገጥሞ መያዝ አቅቷቸዋል ማለት ነው። ጡንቻ ሲበርድ መጀመሪያ እምቢ የሚለው እዚያ ነው። ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ ስም ማነው?» አለቻቸው። መለሱላት። ግን ቃሉ ተኮላተፈ፤ ከንፈራቸው አልታዘዝ አለ። እጇን ወደ ላይ አንስታ አጠገባችን ለሚቀዝፈው ካያክ፣ ለትንሿ ታንኳ፣ ምልክት ሰጠች። ጋሼ «ደህና ነኝ፣ ደርሰናል እኮ» ይላሉ። ደግሞ ከልባቸው ነው፤ ደህና መስሏቸዋል። ጀልባው መጣ፤ ተነሱ።

ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። ለምን እንዳልተከራከሩ ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው የተማማልንበት ነገር አለ። አጠገብህ ያለው «ውጣ» ካለህ ትወጣለህ። ስሜትህ አይጠየቅም፤ የሚታመነው የሱ ዓይን ነው። በኋላም ማንም አያነሳብህም። ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት ወፈር ያለ ዌትሱት፣ የላስቲክ የዋና ልብስ፣ ለብሰው ገቡ፤ ጨረሱም። ነባሮቹ የክለብ ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ዌትሱት ነው የሚዋኙት። አከብራቸዋለሁ። ግን ለኛ ሰው የምለው ልበሱ ነው። ሙቀት ይይዛል፤ ያንሳፍፋል።

ከውሃ መውጣትም ማለቂያው አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ከወጣችሁ በኋላ የውስጥ ሙቀታችሁ ለአሥር፣ ለሃያ፣ አንዳንዴም ለሠላሳ ደቂቃ መውረዱን ይቀጥላል። ዳርቻው ላይ እየሳቀ ፎቶ ሲነሳ የነበረ ሰው ትንሽ ቆይቶ ሲንዘፈዘፍ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እርጥቡን ማውለቅ ነው። መድረቅ፣ ኮፍያ፣ ጋቢ፣ ከዚያ መቀመጥ። ትኩስ ሻወር ወዲያው አይገባም፤ የቆዳ ደም ሥር ድንገት ተከፍቶ የደም ግፊት ይወርድና ሰው ሊወድቅ ይችላል። ሻይ ከስኳር ጋር ይጠጣል። ብርጭቆውን ራሱ መያዝ ስለማይችል ሌላ ሰው ይይዝለታል። አንድ ወዳጃችን በቅን ልብ አረቄ ይዞ መጥቶ ነበር። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ነው። ያ ደም ደግሞ ሙቀቱን ለብርዱ አስረክቦ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት አይነካም።

የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት። አደራ።

አሁን «ምን አጣችሁ?» ወደሚለው። በቅንነት የሚጠየቅ ጥያቄ ስለሆነ በቅንነት እመልሰዋለሁ።

ያጣነው እርስ በርስ ነው። እዚህ አገር አንዱ ሌሊት ይሠራል፤ አንዱ ቀን። አንዱ የጭነት መኪና ይዞ ሳምንት ይጠፋል። የልብ ጓደኛ የምንለውን ሰው የምናገኘው ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ሆነ። እዚያም ቢሆን ሰላምታ ነው እንጂ ጨዋታ የለም። እኛ የተገናኘነው ልጆቻችንን ዋና ልናስተምር መጥተን ገንዳ ዳር አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል መስጠም ከሁሉም ይቀድማል። ይህን ስንሰማ ነው ልጆቹን ይዘን የሮጥነው። ግን ልጁ ቢወድቅ የምናየው እኛ፣ አንዳችንም መዋኘት አንችልም። ብዙዎቻችን ደጋ ነው ያደግነው። ወንዝ ስንባል የምናስበው ክረምት ሲሞላ ሰውና ከብት ይዞ የሚሄድ ነገር ነው። አንድ ቀን ነርሷ ተነስታ አስተማሪዋን «እኛንስ?» አለቻት። እንደዚያ ነው የተጀመረው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው መዋኘት መማር ይችላል፤ አይቻለሁ። ከገንዳ እስከ ወሽመጥ ለመድረስ ግን ዓመታት ወሰደብን፤ መውሰዱም ትክክል ነው።

ዛሬ በሳምንት አንድ ማለዳ የትም ብንሆን እንገናኛለን። ከዋናው በኋላ መኪና ተደግፈን ሻይ ስንጠጣ የሚወራው ወሬ ሌላ ቦታ አይወራም። አንዱ ሥራ ማጣቱን የነገረን እዚያ ነው። አንዷ የእናቷን መርዶ ከሰማች በኋላ በመጀመሪያ ከቤት የወጣችው ወደዚያ ነው። እንድትዋኝ ማንም አልጠየቃትም። ጋቢ ለብሳ ዳር ላይ ተቀምጣ ልብሳችንን ጠበቀችልን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለሆነ። ሳንዋኝ የተመለስንበት ዓመት አለ። ወራት ተለማምደናል። ከሲያትል ድረስ የመጣ ሰው ነበር። ጀልባው ላይ ነን፤ ልብሳችንን ለብሰናል። ጉሙ ጎልደን ጌትን አልፎ ገባና ከተማውን ሸፈነው። መንትያዎቹ ሕንፃዎች ጠፉ። ካያኮቹ ከጀልባው ጥቂት ሜትር ራቅ ሲሉ አይታዩም። ይገለጣል ብለን ጠበቅን። ስንጠብቅ ደግሞ ውሃው የሚረግብበት ሰዓት አለፈ፤ መውጣት ጀመረ። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ «እኔ ጭንቅላት መቁጠር አልችልም፤ አይሆንም» አለ። አንድ ሰው አይሆንም ካለ ለሁሉም አይሆንም። ተመለስን። በእውነቱ እኔ በጓደኞቼ በጣም የኮራሁት ያን ቀን ነው።

«ጭንቅላት መቁጠር» ያልኩት የአንድ ሰው ሥራ ነው። ስንዘል ይቆጥራል። በየደቂቃው ባለ ደማቁን ኮፍያ ሁሉ ይቆጥራል። ስንወጣ ይቆጥራል። ቁጥሩ ካልሞላ ሁሉም ይቆማል። ይህን የሚሠራ ሰው መዋኘት አይጠበቅበትም፤ ሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ጀልባው ላይ ነው የሚሆነው።

የዘንድሮው ዋናችን ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ሰንጠረዡን አይተን እንነግራችኋለን። ለመዋኘት ገና የምትፈሩ፣ መጀመሪያ ገንዳ ግቡ፤ ማክሰኞ ማታ እኛም እዚያ ነን። ለዘንድሮው ግን ጀልባ ላይ የሚቆጥሩ ሁለት ሰዎችና ዳርቻው ላይ ሻይና ጋቢ ይዘው የሚጠብቁ አራት አምስት ሰዎች ያስፈልጉናል። ዓይኑ የሚያይ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ለአንድ ሰዓት መቆም የሚችል ሰው ይበቃናል። ወረቀቱ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ስማችሁን አስፍሩልን።